በቀላሉ የምትፈታ

ሞባይል ጠጋኙ የሞባይል አምራቾች በጠሩት ስብሰባ ላይ፣ አዳራሹ ውስጥ የታደለውን ቅጽ አይቶ ከንፈሩን አጣመመ። «አዲሷ ሞባይል ምን ዓይነት ብትሆን ይመኛሉ?» ይላል። እነዚህ ካቻቪቴ ጨብጠው የማያውቁ ባለከረባቶች! ባትሪውን በሙጫ ግጥም አድርገው ለጥፈው ሲያበቁ፣ ዛሬ ደግሞ ምኞት ይሰበስባሉ።

«ጋሼ፣ አይሞሉም እንዴ?» አለችው ቅጹን ያደለችው ልጅ።

«ሙጫውን የቀባው ይሙላው!» ብሎ መለሰላት።

ነገሩ ግን ከነከነው። ደጅ ወጥቶ ከኪሱ ባገኘው ብጣሽ ወረቀት ላይ የልቡን ጻፈ፦

«በቀላሉ የምትፈታ። ሙጭጭ ብላ የማትጣበቅ። ያረጀ አካሏ የሚለወጥ። ትንሽ ሠርታ ቶሎ የማትግል።»

መልሶ አነበበና ፈገግ አለ። «ይቺ እንኳ ለእነሱ ትበዛባቸዋለች!» ብሎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተታት።

በማግስቱ ኮቱን ሚስቱ እንድታጥብለት ትቶ ወደ ሱቁ ሄደ። ለምሳ ሲመለስ ቤቱ ተቆልፏል። ኮቱ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል፤ ብጣሿ ወረቀት ደግሞ በራሱ የጥገና ሙጫ በሩ ላይ ተለጥፋለች። ሊያነሳት ቢሞክር እንቢ አለችው። ከሥሯ በሚስቱ እጅ ጽሑፍ አንድ መስመር ተጨምሯል፦

«አትድከም፤ ካቻቪቴም አያስፈልግህም። እኔው ፈትቼሃለሁ።»