ወደዚያ ጠዋት

ባሏ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነበር፤ ስናፕሾት ሳይወስድ ምንም ነገር አይነካም። «ይኸውልሽ ሆዴ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ሠራሁ፤ ቨርቹዋል ማሽን ነው የሚባለው። ያለበትን ሁኔታ እንዳለ ቀርጬ አስቀምጠዋለሁ፤ ስናፕሾት ማለት ይኸው ነው። ቢበላሽ ወደዚችው ደቂቃ መመለስ ነው፣ ምን ጣጣ አለው!» ይላት ነበር።

የመጨረሻውን ስናፕሾት የቀረጸው ደረቱን ይዞ በወደቀበት ዕለት ጠዋት ነው። ከተቀበረ ወዲህ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ወንበሩ ላይ ትቀመጥና ማሽኑን ወደዚያ ጠዋት ትመልሰዋለች። ያን ጠዋት እያሳቃት ማሽኑ ውስጥ የጻፋት አንዲት መስመር ስክሪኑ ላይ ትመጣለች፦ «ሆዴ፣ የኩሽናውን ቧንቧ ዛሬ እሠራዋለሁ፤ አትነዝንዢኝ።» ቧንቧው አሁንም ጠብ ጠብ ይላል።

ወንድሟ «እህቴ፣ በቃሽ፤ ራስሽን ጎዳሽ እኮ» ቢላት፣ «ተወኝ፤ እዚህ ውስጥ ገና ደህና ነው» አለችው።

ዛሬም መለሰችው። የማሽኑ ሰዓት ያው የዚያ ጠዋት ሰዓት ነው። የቧንቧዋ መስመርም አለች። ከሥሯ ግን እስከ ትናንት ያልነበረ ጽሑፍ ነበር።

«ሆዴ፣ ከእንግዲህ አትመልሺኝ። በመለስሽኝ ቁጥር ደረቴን እንደ አዲስ ነው የሚያመኝ።»