ሶስት ዘፈን ሰምቶ በአልበም ላይ የፈረደው ዳኛ

«ሁለት ከአስር! እሱንም ለሽፋኑ ፎቶ ነው!»

ልጁ ይህን ጽፎ ለጠፈና አልጋው ላይ ተንጋለለ...

በአዳዲስ የሂፕ ሆፕና የፖፕ አልበሞች፣ ሲያሰኘውም በቲቪ ድራማዎች ላይ አስተያየት የሚሰጥበት ገጽ አለው። አርባ ሺህ ተከታይ!

ለሁሉም ነገር ነጥብ ስለሚሰጥ «ዳኛው» ነው የሚሉት።

የዛን ቀን የፈረደበት የአንድ ወጣት ራፐር አልበም ነበር።

«አስራ ሁለት ዘፈን ሙሉ ጩኸት! ጎረቤቴ ግድግዳ ሲያስበሳ ከዚህ የተሻለ ምት ሰምቻለሁ!»

ላይኩ ጎረፈ... ሳቁ ጎረፈ...

ከዚያ «ካውያ» መጣ።

ፎቶ የለው፣ እውነተኛ ስም የለው... ስድስት ወር ሙሉ ዳኛው በጻፈ ቁጥር ኮሜንት ላይ እየገባ የሚያበግነው ሰው ነው።

«ወንድሜ፣ ሰባተኛውን ዘፈን ሰምተኸዋል?»

የዳኛው ደም ፈላ።

«አንተ ደግሞ ማን ነህ? የራፐሩ አጎት ነህ?»

«አይደለሁም። ጆሮ ያለኝ ሰው ነኝ።»

«እንግዲያው ጆሮህን ታጠብ!»

«ታጥቤ ነው የሰማሁት። አስራ አንድ ጊዜ።»

ይባስ ብሎ ተከታዮቹ ከዳኛው ጽሁፍ ይልቅ ለካውያ መልስ ላይክ ሰጡ!

ባለፈው ወርም እንዲሁ ነበር። ዳኛው አንዱን ተከታታይ ድራማ «ሴትዮዋ በር ከፍታ እስክትገባ ሶስት ክፍል ያልቃል» ብሎ ሲያጣጥል፣ ካውያ «የበሩስ ይሁን፣ ዶክተሩ ሁለት ጊዜ ሲሞት የት ነበርክ?» ብሎ መሳቂያ አድርጎታል።

ዳኛው እየተብሰለሰለ ሳሎን ወጣ። እናቱ ከስራ ተመልሳ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ፣ በአንድ እጇ ስልኳን ይዛ ቲቪ ታያለች።

«ፊትህ ምነው ጠቆረ?»

«ምንም።»

«ስራ እንዴት ዋለ?»

«ደህና።»

«ሌላ አዲስ ነገር የለም?»

«ኧረ እማዬ... ብነግርሽም አይገባሽም።»

እናትየው ወደ ስልኳ ተመለሰች።

እሱ እራቱን ይዞ ክፍሉ ገባ። በሩን ዘጋ። ለካውያ አራት አንቀጽ ስድብ ጻፈለት!

ከሳሎን የእናቱ ሳቅ ተሰማው... ድራማው የሚያስቅ ቦታ ላይ ደርሶ ይሆናል ብሎ አለፈው።

በሳምንቱ አንዲት የሬዲዮ አዘጋጅ ደወለችለት።

«የአንተና የካውያ ጭቅጭቅ ከአልበሙ በላይ ዝነኛ ሆኗል። ሁለታችሁንም ስቱዲዮ ልጋብዛችሁ?»

«ይምጣ! ፈጣሪ ነው አሳልፎ የሰጠኝ!»

ቅዳሜ ጠዋት ዳኛው አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሽቶ ተርከፍክፎ ስቱዲዮው ኮሪደር ላይ ይንጎራደዳል።

«ዛሬ ይሄን ሰውዬ አፈር ድሜ ነው የማስግጠው» አለው ለድምጽ ባለሙያው።

በሩ ተከፈተ...

እናቱ! የምትሰራበትን የላውንደሪ ቤት ሰማያዊ ጋዋን እንደለበሰች።

«እማዬ?! አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሰሪያለሽ?»

«ፈቃድ ጠይቄ መጣሁ።»

ዳኛው እናቱን እቅፍ አደረጋት።

«እኔን ለማየት? በሬዲዮ ትሰሚኝ ነበር እኮ... በቃ እዛ ወንበር ላይ ቁጭ በይ። ግን እንዳታወሪ፣ እሺ? አንድ ባለጌ ሰው እየጠበቅን ነው።»

«እሺ» አለችና ተቀመጠች።

አዘጋጇ ፈገግ ብላ ወጣች። ዳኛውን አልፋ ወደ እናትየው ሄደች።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ካውያ!»

ዳኛው ወደ ኋላ ዞረ... ሰው የለም። ወደ ጎን ዞረ... ሰው የለም።

«እማዬ... ካውያ አንቺ ነሽ?»

«ቀኑን ሙሉ የሰው ሸሚዝ ስተኩስ የምውል ሰው፣ ፍሪጅ ነኝ ልበል?»

ስቱዲዮ ገብተው ማይኩ ተከፈተ። አዘጋጇ እናትየውን እንዴት እንደጀመረች ጠየቀቻት።

«ስምንት ሰዓት ቆሜ ነው የምተኩሰው። አብራኝ የምትሰራው ልጅ የጆሮ ማዳመጫ ሰጠችኝ። ልጄ የሚወደውንና የሚጠላውን ልወቅ ብዬ የጻፈበትን አልበም ሁሉ መስማት ጀመርኩ። ከዚያማ... ወደድኩታ!»

«ሰባተኛው ዘፈን ምን አለው?»

«ራፐሩ ወደ ሞተች እህቱ ስልክ እየደወለ፣ ማንም እንደማያነሳው እያወቀ፣ ውሎውን ይነግራታል። ሁለት ሸሚዝ አቃጥዬበታለሁ።»

አዘጋጇ ወደ ዳኛው ዞረች...

«ዳኛውስ፣ ሰባተኛውን እንዴት አገኘኸው?»

ዳኛው ጉሮሮውን ጠረገ። ውሃ ጠጣ። ደግሞ ጠረገ።

«እኔ... የሰማሁት ሶስት ዘፈን ነው። ታክሲ ውስጥ።»

የድምጽ ባለሙያው ከመስታወቱ ጀርባ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሳቀ።

«ግን እናታችን፣ የምትኖሩት አንድ ቤት ነው። ለምን እዛው አይነግሩትም ነበር?»

«ቤት ስጠይቀው "ምንም" ይለኛል። "ደህና" ይለኛል። እዛ ግን አራት አንቀጽ ይጽፍልኛል! ስድብም ቢሆን ረዘም ያለ ነው...»

ዳኛው ላቡ በአዲሱ ሸሚዝ ላይ ወረደ።

«እማዬ... ለስድቡ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ለየቱ? "ደንቆሮ" ላልከው ነው፣ "ጡረታህን ብላ" ላልከው?»

«ለሁሉም...»

ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ማዳመጫውን ለሁለት ተካፈሉት። ከመጀመሪያው ዘፈን ጀመሩ።

ሁለተኛው ላይ ዳኛው አፉን ከፈተ።

«ምቱ ግን ትንሽ...»

«ዝም ብለህ ስማ!»

ሰባተኛው ላይ ደረሱ። ዳኛው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ... እናቱም እንዳላየች ሆነች።

መውረጃቸውን ሁለት ፌርማታ አለፉት።

ሰኞ ዕለት ዳኛው አዲስ ጽሁፍ ለጠፈ። «ተሳስቼ ነበር። አሁን ሙሉውን ሰማሁት። ስምንት ከአስር!»

ደቂቃ ሳይሞላ የመጀመሪያው ኮሜንት ገባ። ከሳሎን።

«ስምንትማ አበዛኸው። አስራ አንደኛው ዘፈን አይረባም።»

ዳኛው ስልኩን አስቀመጠ። ተነሳ። በሩን ከፍቶ ወጣ።

«እንዴት አይረባም?! ነይ እስቲ አስረጂኝ!»

ወዳጆቼ... ለማናውቀው ሰው አራት አንቀጽ እየጻፍን፣ ለሚጠብቀን ሰው አንድ ቃል ወርውረን በር እንዘጋለን። «አይገባትም» ያልናት እናት ከእኛ በላይ ሰምታ፣ ከእኛ በላይ ገብቷት ሊሆን ይችላል። አልበምም ሆነ ሰው፣ ሙሉውን ሳንሰማ ነጥብ አንስጥ!

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ... ቤታችሁ ካለ ሰው ጋር ከ«ደህና» የረዘመ ወሬ ያወራችሁት መቼ ነው? ስለምንስ ነበር?