ሠላሳ ሰባት ሰማያዊ አበቦች

መንገዱ ዳር ተንበርክኬ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌያለሁ። ነፋሱ ጋብ ካለልኝ ፎቶው ጥርት ብሎ ይወጣል። ከአበባዋ አጠገብ ማስመሪያ አቁሜያለሁ። ካሜራውን ልጫን ስል የሣር ማጨጃው ትራክተር ከኋላዬ መጥቶ ይቆማል።

ሾፌሩ ከላይ ሆኖ አንገቱን ብቅ ያደርጋል። «እናቴ፣ ምን ጠፋብዎት?»

«ምንም። ፎቶ ነው የማነሳው።»

«ሣር?»

«አበባ።»

ዘንድሮ ሠላሳ ሰባት ናቸው። አምና አሥራ አንድ፣ ካቻምና አራት ነበሩ። ዘራቸው የሚረግፈው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ዛሬ ከታጨዱ በሚመጣው ፀደይ የምቆጥረው አይኖርም።

ሾፌሩ ዙሪያቸውን የተተከሉትን አራት ቀይ እንጨቶች በአገጩ ያሳየኛል። «ሁለት ዓመት እነዚህን እየዞርኩ ነው ያለፍኩት፣ የውሃ ቧንቧ ምልክት ናቸው ብዬ። አለቃዬ ግን ‹ቧንቧው ማዶ ነው፣ ዝም ብለህ እጨደው› አለኝ። እርስዎ የሰፈሩ ሰው ነዎት። ቧንቧ አለ የለም?»

«አለ» ብል ይበቃል። ሠላሳ ዓመት ላብራቶሪ ውስጥ ደም ስመረምር ያላየሁትን አየሁ ብዬ ጽፌ አላውቅም።

«የለም» እላለሁ። «እንጨቶቹን የተከልኳቸው እኔ ነኝ። የማነሳበት ቦታ እንዳይጠፋኝ።»

አፍጥጦ ያየኛል፤ ከዚያ መሪው ላይ ተደፍቶ ይስቃል። «እኔ ደግሞ ቧንቧ እንዳልበጥስ ስጠነቀቅ! አለ ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

«የለማ!»

ሞተሩን አጥፍቶ ይወርዳል። የሦስቱን ዓመት ፎቶዎች ካሜራው ላይ በተራ አሳየዋለሁ፤ ዘራቸው እስኪረግፍ ሦስት ሳምንት እንደቀረም እነግረዋለሁ። ጣቱን ሱሪው ላይ ጠርጎ አንዱን ያሰፋዋል።

«ይሄ ግንዱ ላይ ያለው ፀጉር ነው?»

«ፀጉር ነው።»

«ወይ ጉድ።»

ከጋቢናው የሥራ ቅጹን ያወጣና «ያልታጨደበት ምክንያት» ከሚለው ጎን «አበባ» ብሎ ይጽፋል። «ሦስት ሳምንት አሉኝ አይደል? አለቃዬ እንደሆነ መቆጣት ልማዱ ነው። ስንት ናቸው ልበል?»

«ሠላሳ ሰባት።»

በእስክሪብቶው እየጠቆመ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይዞራቸዋል። «ሠላሳ ስምንት።»

«ሠላሳ ሰባት ነው። ጠዋት ሁለት ጊዜ ቆጥሬያለሁ።»

«ያቺንስ?»

ከእንጨቶቹ ሁለት እርምጃ ወጣ ብላ፣ የትራክተሩ የፊት ጎማ ሊደርስባት አንድ ስንዝር ሲቀረው፣ አንዲት ሰማያዊ አበባ ቆማለች። ከእንጨቶቹ ውጭ አንድ ቀንም ፈልጌ አላውቅም።

ማስመሪያዬን ይዤ እሷ ዘንድ እንበረከካለሁ። ሾፌሩ ባርኔጣውን አውልቆ ከጎኔ ቁጢጥ ይላል፤ ነፋሱን በሁለት እጁ ይከልልልኛል።