ትልቁ ይሻለናል

ባልየው የውሃ ማጣሪያ ሻጩን አስገብቶ በሩን መልሶ ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ሻጩ ብዙ ቤት ገብቶ ያውቃል፤ እንግዳ አስገብቶ በር የሚቆልፍ ሰው ግን ገጥሞት አያውቅም።

ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው፤ መጋረጃውም ተስቧል። ሚስትየው ማጠቢያው አጠገብ ቆማ ብርጭቆ ትወለውላለች።

«ጨለመበት መሰለኝ፤ መጋረጃውን ልክፈትለት?» አለች።

«መብራቱ ምን ሊሠራ ተሰቀለ?» አለና ባልየው አበራው።

«ወንበርስ ላምጣለት?»

«ሊሸጥ እንጂ ሊቀመጥ አልመጣም።»

ሻጩ አንገቱን ደፍቶ ሁለቱን ማጣሪያዎች ጠረጴዛው ላይ አወጣ። ባልየው ኩላሊቱን ስለሚያመው ሐኪም የተጣራ ውሃ አዞለታል። ትልቁ ማጣሪያ ከማጠቢያው ሥር ይገጠማል፤ የውስጥ ፊልተሩን በሁለት ዓመት አንዴ ባለቤቱ ራሱ ይቀይረዋል። ትንሹ የቧንቧው አፍ ላይ ይገባል፤ የእሱን ፊልተር ግን ሻጩ በየወሩ እየመጣ በመፍቻ ፈትቶ መቀየር አለበት።

ሚስትየው ጠጋ ብላ ትልቁን ዳበሰችው።

«ይኼ ይሻለናል።»

«ማን ጠየቀሽ?»

«አይ፣ ትንሹን ከወሰድን ሰው በየወሩ በጭቃ ጫማ ሊገባ ነው። ወለሉን የምወለውለው እኔ ስለሆንኩ ነው።»

«ትወለውያለሽ! ሌላ ምን ሥራ አለሽ?» ባልየው ትንሹን አንስቶ አገላበጠው።

ሻጩ ይህን ሲሰማ ያደገበት የእንጀራ አባቱ ቤት ትዝ አለው። እዚያም የእናቱ ቃል ከምንም አይቆጠርም ነበር፤ እሱም ፈርቶ ዝም ብሎ ነው ያደገው። ዛሬስ ዝም አልልም አለ በልቡ።

«ጋሼ፣ እውነታቸውን ነው። ትልቁ አሳምሮ ያጣራል፤ በየወሩ እኔን መጠበቅም የለብዎት።»

ባልየው ትንሹን አስቀመጠ። ወደ ትልቁ እጁን ሰደደ። ብርጭቆው ከሚስትየው እጅ አምልጦ ማጠቢያው ውስጥ ተንኳኳ።

«አየህ?» አለች ቶሎ ብላ ለባሏ። «ባለሙያው እንኳ እኔ ያልኩትን ነው ያለው። አንድ ቀን ብትሰማኝ ምን አለበት?»

የባልየው የግንባር ሥር ተገታተረ።

«እስቲ ፕሮፌሰሯን ስሙልኝ!» ትንሹን አፈፍ አድርጎ ሻጩ እጅ ላይ አኖረው። «ይኼን ግጠም። በየወሩም ና፤ ስትገባ ደግሞ ጫማህን እንዳትጠርግ!»

ሚስትየው አቀረቀረች። ሻጩ እየገጠመ አፈረ፤ አግዛለሁ ብሎ ጭራሽ ነገር አባባሰባት።

ሲጨርስ፣ «ውሃውን እንሞክረው፤ ቅድም ግቢ ውስጥ የዘጉትን ዋናውን ቧንቧ መክፈት ነው» አለ።

«እኔ ልክፈተው» ብላ ሚስትየው ወደ በሩ ፈጠን አለች።

«እዚያው ቁሚ!»

ባልየው ራሱ ወጣ። ቁልፉ ከውጭ ሲዞር ተሰማ።

«ይቅርታ፣ እትዬ» አለ ሻጩ። «ላግዝዎት ብዬ ነበር።»

«ትልቁን አስገዝተኸው ልታበላሽብኝ ነበር እኮ፣ ወንድሜ» አለች በሹክሹክታ። «እናቴ ከመናኸሪያው ጀርባ ክር ትሸጣለች፤ ‹ልጅሽ በሕይወት አለች› በላትና፣ መልሷን ለወሩ ይዘህልኝ ና።»