የቃል ፈተና

ማኅደር አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆና ጣሊያንኛ ስታጠና፣ እናቷ ወይዘሮ ዘርፌ ከአጠገቧ አይጠፉም ነበር። እሳቸው ትምህርታቸውን አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ያቋረጡት እሷን አርግዘው ነው።

«ጮክ ብለሽ አንብቢ እንጂ!» ይሏታል ልብስ እየተኮሱ።

«እማዬ፣ አንቺን ምን ይጠቅምሻል?»

«ለጆሮዬ ይጥማል።»

ማኅደርም እየሳቀች የቬኒስን ቦዮች፣ ኦፔራውን፣ ማለቂያ የሌለውን የግስ እርባታ ሳይቀር ታነበንብላቸዋለች።

የቋንቋው ማዕከል ለፈለገ ሁሉ የሚሰጠው የቃል ፈተና ቀን ደረሰ። እናቷ «በርቺ! እኔም ጉዳይ አለብኝ» ብለው በማለዳ ወጡ። ማኅደር የግስ እርባታውን በልቧ እየደጋገመች ፈታኟ ፊት ተቀመጠች። ስለ ቬኒስ ስትጠየቅ ግን አፏ ተፈታ፤ ጭራሽ ሴትዮዋን በሣቅ አፈረሰቻት። «ብራቫ!» ተብላ እየፈነደቀች ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ እናቷ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሮጣ ተጠመጠመችባቸው።

«እማዬ፣ ያለፍኩ መሰለኝ! ልትጠብቂኝ መጣሽ?»

«እሰይ የኔ ልጅ! እሰይ!» ብለው ጉንጯን ሳሟት።

በሩ ተከፈተና ፈታኟ ብቅ አለች። «ዘርፌ ዓለሙ!»

ወይዘሮ ዘርፌ ቀሚሳቸውን አስተካክለው ተነሡ። «በይ አሁን ደግሞ አንቺ ጠብቂኝ» አሉና ወደ ፈታኟ ዞሩ።

«ቦንጆርኖ፣ ሲኞራ።»