ሁለት የግራ እጅጌ

«አሜን በይ እንጂ» አለ አባቷ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ።

በቀኝ እጁ የያዘው መቀስ አፉን ከፍቶ ለሙሽሪት ኮት ከተዘረጋው ሰማያዊ ከፋይ ጨርቅ በላይ ቀረ። ልብስ ሰፊው አባቷ ውድ ጨርቅ ከመቁረጡ በፊት በግራ እጁ የሴት ልጁን እጅ ይዞ ይጸልያል። አሜኑ የእሷ ድርሻ ነው። ቁመቷ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሳይበልጥ ጀምሮ አንድም ቀን አጓድላ አታውቅም።

«ጉሮሮሽን ምን ያዘው?»

«አባዬ... ከእንግዲህ አላምንም። አሜን ብል መዋሸት ይሆንብኛል።»

ይህችን ለማለት ስንት ቀን ምራቋን ውጣ ተመልሳለች። ጾማለች፣ ተንበርክካለች፣ አዋቂ የተባለውን ሁሉ በጥያቄ አድክማለች። «አንዴ ብቻ ድምፅህን አሰማኝ» ብላ ለምናለች። የመለሰላት ዝምታ ነበር። እያደር ዝምታውን ለመደችው፤ እንዲያውም ቀለላት። የሚያስፈራት ይህ ጠረጴዛ ነበር፤ ከእግዜር ጋር አባቷንም እንዳታጣ።

እጄን ይለቀዋል ብላ ጠበቀች። አልለቀቀም። ዓይኑንም አልገለጠም። ፊቱን ላለማየት አቀርቅራ ጨርቁን ስታይ ክው አለች።

«አባዬ!»

«ቆይ፣ እያሰብኩ ነው።»

«በኋላ ታስባለህ! መቀሱን አንሳው! ሁለቱም የግራ ናቸው!»

ከፋይ ስለሚንሸራተት አጥፈው አይቆርጡትም። አንዱን እጅጌ ካሰመሩ በኋላ በወረቀት የተቆረጠውን የእጅጌ ልክ ገልብጠው ሌላውን ያሰምራሉ። ዛሬ ጠዋት እሷ፣ ይህን እንዴት እንደምትነግረው እያሰበች፣ ሳትገለብጠው አስምራለች። ትርፍ ጨርቅ ደግሞ የለም።

አባቷ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። የጠመኔውን መስመር በጣቱ ሄደበት፣ ተመለሰበት። ከዚያ ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ ሳቀ።

«ሙሽሪት በሁለት ግራ እጅ ልትዳር ነበር! አየሽ፣ ዓይንሽን የገለጠው እግዜር ነው።»

«አባዬ...»

«እሺ፣ እሺ። አልጨቀጭቅሽም።» ሳቁ ቀስ እያለ ወደ ፈገግታ ወረደ። «ጉልበትሽ እስኪላጥ ስትፈልጊው አይቻለሁ። በስንፍና ቢሆን ኖሮ በዚህ ሜትር ነበር የምገርፍሽ።»

«ታዲያ አታባርረኝም?»

«አብደሻል? ግራና ቀኟን የማትለይ ልጅ ማን ይቀጥርልኛል?»

አሁን የሳቀችው እሷ ናት፤ ደረቷ ላይ ተጭኖ የከረመው ነገር ከሳቁ ጋር አብሮ ወጣ። ጠመኔውን በብሩሽ አራገፈችው፣ ወረቀቱን ገልብጣ እንደገና አሰመረች።

አባቷ መቀሱን አነሳ። ግራ እጁን በልማድ ዘረጋና ሳይደርስባት አቆመው። ያዘችለት።

«አሜኑን ግን ራስህ በለው።»

«ሁለት ሥራ አደረግሽብኝ» እያለ ዓይኑን ጨፈነ።

እሷ አልጨፈነችም። አባቷ ሲጸልይ ፊቱን አይታው አታውቅም ነበር። ቅንድቡ ወደ ላይ ተሰቅሏል፣ ደስ የሚል ወሬ ሊነገረው እንደሆነ ሰው። ጢሙ ላይ ሰማያዊ ክር ተንጠልጥሏል።

ከዚያ በጸሎቱ መሀል፣ ከንፈሩ ሳያቋርጥ፣ አንድ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ አያት። ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ቶሎ ጨፈነው፤ እሷ ዓይኗን ስትጨፍን ሁሌ ሰርቆ ማየት የለመደበት ይመስል ነበር።