ሮባን የዘለለችው ልጅ

አሰላ ውስጥ ጎማ የተነፈሰበት ሁሉ ጎሚስታውን ቱሳን ያውቀዋል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ጎማ ያልተነፈሰበትም ያውቀዋል። ስለ ባህል፣ ስለ ጎሳ ታሪክ፣ ማን ከማን እንደተወለደ የሚወራበት የሦስት ሺህ ሰው ግሩፕ አለ፤ ቱሳ እዚያ ዳኛ ነው። የሾመው የለም፤ ራሱን የሾመው ራሱ ነው።

ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ እሱ በጠቆረ ጣቱ ይጽፋል። "አባቶቹን መቁጠር የማይችል ሰው ስለ ማንነት ባያወራ ይሻለዋል" ይላል። ደስ የሚለው የሰው ስህተት ሲያገኝ ነው። ምን ይደረግ፣ አመል ነው።

ቆጠራውን ያስተማሩት አባቱ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማረውና። ቱሳ አንድ ለእናቱ ስለነበር፣ ገበያ ሲሄዱም ከብት ሲያጠጡም ያስቆጥሩት ነበር። ሌላ ስም ሲስት ይስቃሉ፤ ሮባ የሚባለውን ቅድመ አያት ሲዘል ግን ይቆጡታል።

ባለፈው ሳምንት ቢፍቱ የምትባል ልጅ ግሩፑ ውስጥ ገባች። አቦምሳ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ልታገባ ነው። የእጮኛዋ የሰላሁዲን ሽማግሌዎች ከጮሌ ከተማ መጥተው ጎሳዋን ሊጠይቁ ስለሆነ፣ የአባቶቿን ስም ደርድራ "ታላላቆቼ፣ ልክ ነኝ?" ስትል ጻፈች። በዚያ አገር የአንድ ጎሳ ልጆች አይጋቡም፤ አባት ሳይቆጠር ሠርግ የለም።

ቱሳ አነበበና ከወንበሩ ብድግ አለ። የልጅቷ የላይኞቹ አባቶች የእሱም አባቶች ናቸው። እሱ ግን "ቡልቶ፣ ሮባ፣ ሂርጶ" ብሎ ነው የሚቆጥረው። እሷ ከቡልቶ ቀጥታ ሂርጶ ላይ ወጥታለች።

እንደ ዘመድ በውስጥ መስመር ቢነግራት ምን ነበረበት! ሦስት ሺህ ሰው ፊት ጻፈው። "እህቴ፣ የኛ ልጅ ሮባን አይዘልም። የሚዘለው በጉዲፈቻ የገባ ሰው ነው። ከየት እንዳመጡሽ ቤትሽን ጠይቂ።"

ይሄ በዚያ አገር ትልቅ ነውር ነው። ልጅ በጉዲፈቻ ወሰዱ ማለት ወለዱ ማለት ነው፤ የሚያውቅ ጎረቤት እንኳ ሳይናገር ይቀበራል። ግሩፑ ግን ሳቀ። ቢፍቱ ወዲያው ለቅቃ ወጣች። ቱሳም ሻዩን ፉት እያለ አንድ ጎማ ለጠፈ።

በሦስተኛው ቀን የልጅቷ አጎት አክመል ደወለ።

"የጮሌ ሽማግሌዎች ቀሩ" አለ። "'ከየት እንደመጣች ካልታወቀ፣ የኛው ደም ብትሆንስ?' አሉ። አባቷ ሞቷል። 'የማን ልጅ ነኝ?' እያለች ስታለቅስ ነው የምትውለው። ሥራም ቀርታለች።"

"እኔ እኮ የማውቀውን ነው የ..."

"ስትወለድ እዚያው ነበርኩ፣ ቱሳ! ግን አጎት ነህ፣ ትሸፍናለህ ይሉኛል። እስከ ሐሙስ ካልተስተካከለ ሠርጉ ፈረሰ።"

ቱሳም በሆዱ "መሸፈኑማ አይቀርም" አለ። ስልኩ ሲዘጋ ግን የልጅቷ 'የማን ልጅ ነኝ?' ማለት ጆሮው ውስጥ ቀረ። እውነት ቢሆንስ፣ እሱን ማን ተናገር አለው? "ይሄን ጣቴን በቆረጠው!" አለ። ጽሑፉን አጠፋው። ምን ዋጋ አለው፣ ፎቶ አንስተው ለአገር በትነውታል። "ተሳስቻለሁ" ቢል ደግሞ "አዝኖላት ነው እንጂ ቱሳ ቆጠራ አይሳሳትም" ይሉታል። እህል አልወርድለት አለ።

ሽማግሌዎቹ ከእሱ በላይ የሚያምኑት አንድ ሰው ብቻ አለ፤ በእውነተኛነታቸው አገር የሚያውቃቸው እናቱ አዴ አስያ። ረቡዕ ጠዋት ሱቁን ዘግቶ ወደ ኦጎልቾ በሚወርደው ሚኒባስ ተሳፈረ።

አዴ አስያ ደጅ ተቀምጠው ስንዴ ይለቅሙ ነበር። እጃቸውን ስሞ አጠገባቸው ተቀመጠ።

"አዮ፣ ወንጀል ሠርቻለሁ" አለ። አንድም ሳያስቀር ነገራቸው።

እጃቸው ስንዴው ላይ ቆመ። "ሰው ፊት? ጉዲፈቻ ነሽ አልካት?"

"አልኳት።"

"አስተግፊሩላህ! ያሳደጋት ቤት ምን ይሰማው ይሆን አላልክም?"

"አላልኩም። አሁን ግን እንቅልፍ የለኝም። 'ሮባን የማይቆጥሩም የኛ ልጆች አሉ' ይበሉልኝና ድምፅዎን ልላክላቸው። ውሸት መሆኑን አውቃለሁ። ወንጀሉ በኔ ይሁን።"

"በዚህ ዕድሜዬ አልዋሽም።"

"ታዲያ ልጅቷ ትጥፋ፣ አዮ?"

አዴ አስያ ስንዴውን ወደ ጎን ገፉት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ቱሳ ክፉኛ አፈረ፤ አሮጊት እናቱን ዋሹልኝ ማለቱ ሌላ ወንጀል ሆነበት። ይቅርታ ጠይቆ ሊነሣ ሲል ክንዱን ያዙት።

"ተቀመጥ። በሰው ልጅ እንባ አልጠየቅም። ስልክህን አምጣ፣ እናገራለሁ።"

ቱሳ እፎይ አለ። መቅጃውን ተጭኖ ወደ አፋቸው አስጠጋላቸው።

"እኔ የኦጎልቾዋ አስያ ነኝ። የልጅቷ ቆጠራ ልክ ነው፤ ከቡልቶ በላይ ሂርጶ ነው። ሮባን መሃል ያስገባው ባሌ ነው፤ ቱሳን ወልዶ የሰጠን የሮባ ስም እንዳይጠፋ ብሎ።"